አባቴን የወሰደብኝ ፕሮሰሰር

አባቴ እዳጋ ሓሙስ ሰፈር ውስጥ ትንሽ ጋራዥ ነበረው፤ የአስመራ ሰው ኦፊቺና ይለዋል። የሚታወቀው በአንድ ሙያ ነበር፦ የአንዱን መኪና ሞተር አውጥቶ ለሌላው መግጠም። ጣልያኖች ትተዋቸው የሄዱት ትንንሽ መኪኖች ሞተራቸው ሲደክም ባለቤቶቻቸው እየገፉ ያመጡለታል። እሱ አካሉን እንዳለ ትቶ ሞተሩን ብቻ ለውጦ ይሸኛቸዋል። እኔ ትምህርቴን ካቆምኩ ጀምሮ አብሬው ሠርቻለሁ። ቁልፍ ሲፈልግ ሳይናገር እጁን ይዘረጋል፤ የትኛውን እንደሚፈልግ አውቄ አቀብለዋለሁ። ሥራው ካማረ እጁን በጨርቅ ይጠርግና ወደሚቀጥለው ያልፋል። «ጎበዝ» ሲለኝ ሰምቼ አላውቅም። ተፈጥሮው ነው ብዬ ተቀብዬው ኖርኩ።

የእህቴ ባል ከጀርመን የመጣው ነጻነት በተገኘ ማግስት ነው። እህቴን አገባና ፓራዲዞ ሰፈር ቤት ተከራዩ። ይዞት ከመጣው ዕቃ ሁሉ የሚሳሳው ለሁለት ኮምፒውተሮቹ ነበር። ከሳሎኑ አጠገብ ባለችው ክፍል አስቀምጧቸው የሠርግ ጥሪና ማመልከቻ ይጽፍባቸዋል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወጣቶችን ያሠለጥንባቸዋል። ልብሱ ሁልጊዜ ንጹህ ነው። ጥፍሩ ውስጥ ግሪስ የለም። በመጀመሪያው ቀን ያየሁት ይህንን ነው።

አንድ እሑድ ምሳ ጠሩን። እናቴ ጎንደሬ ስለሆነች እኛ ቤት የሚነገረው አማርኛ ነበር፤ እሱም ለእሷ ብሎ ማዕድ ላይ በአማርኛ ለማውራት ይታገል ነበር። ከምሳ በኋላ ሻሂ ቀርቦ አባቴ እንቅልፍ እንቅልፍ ሲለው አማቻችን ተነሳና፣

«አቦይ፣ አንድ ነገር ላሳይዎት። እርስዎ ይወዱታል» አለው።

የአንዱን ኮምፒውተር ክዳን ፈትቶ አወረደው። ውስጡ አረንጓዴ ሰሌዳ ላይ የተደረደሩ ጥቃቅን ነገሮች አሉ። መሀል ላይ ወዳለችው አራት ማዕዘን ጠቆመ።

«ፕሮሰሰሩ ይህ ነው። የሚያስበው እሱ ነው። ከዚህ የሚፈጥን ሲወጣ ይቺን ዘንግ አነሳለሁ፣ አሮጌውን አውጥቼ አዲሱን አስገባለሁ። ሌላው እንዳለ ይቆያል።»

አባቴ መነጽሩን ከኪሱ አወጣ።

«ሻንሲው አይነካም ማለት ነው?»

«አይነካም።»

«ካምቢዮውስ? ሌላ ሞተር ሲመጣ ካምቢዮው እሺ ይላል?»

አማቻችን ሳቀ። «ይላል። ሠሪዎቹ ቀድመው አስበውበታል። ወደፊት ኮምፒውተር የሚጥል ሰው አይኖርም፤ ሁሉም ይህችን ብቻ ነው የሚቀይረው።»

«ሓቅህን ነው» አለ አባቴ። «አስተዋይ ሰው እንዲህ ነው የሚሠራ። ጎበዝ።»

ቃሏ ጆሮዬ ውስጥ ገብታ ቀረች። የያዝኩት ብርጭቆ ውስጥ ያለውን ሻሂ አየሁ እንጂ ቀና አላልኩም። በዚያው ሳምንት የአንድ ታክሲ ሞተር ከምንም አንስተን አስነስተን ነበር፤ አባቴ ግን እጁን ጠርጎ ወደሚቀጥለው አለፈ።

ከዚያ ወዲህ አባቴ እሑድን መጠበቅ ተሳነው። በሥራ ቀንም ገና ጀምበር ሳትጠልቅ እጁን በሳሙና ደጋግሞ ይታጠብና እነእህቴ ቤት ለመሄድ ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ያመራል። «ወደይ፣ አንተ ዝጋው» ይለኛል፤ በትግርኛ «ልጄ» ማለቱ ነው። እኔ ዘግቼ ብቻዬን ወደ ቤት እመለሳለሁ። ቀን ቀን ደግሞ ደንበኞቹን ይዞ ስለ ፕሮሰሰር ያወራል። አንዱ ጡረተኛ ሹፌር «ያንተ ልጅ ነው ያመጣው?» ሲለው፣ «እወ፣ ልጄ ነው» አለ። ከመኪናው ሥር ተኝቼ ነበር የሰማሁት። ትንሽ ቆይቼ ወጣሁ፤ ፊቴ ላይ የነበረው ዘይት ብቻ አልነበረም።

ያ ነገር እንዲከሽፍ እመኝ ጀመር። ለእናቴ «ከሬዲዮ የማይሻል ሳጥን ነው፣ አንድ ቀን ጭሶ ያርፈዋል» ስላት ሽሮ እያማሰለች ሰማችኝና፣

«እህትህን ሲያስደስታት ደስ ይልሃል። አባትህን ሲያስደስት ምን ሆንክ?» አለችኝ።

ተነስቼ ሬዲዮውን ከፈትኩ።

ከወራት በኋላ አዲሱ ፕሮሰሰር ከጀርመን በሰው እጅ መጣ። አባቴ እንዲገጥመው አማቻችን ጠራው፤ እኔም ተከትዬ ሄድኩ። ዕቃው ስፖንጅ ላይ ተቀምጧል፤ ሥሩ በቀጫጭን እግሮች ተሞልቷል። አባቴ አነሳውና ወደ ቦታው ሲያስጠጋው እግሮቹ ከቀዳዳዎቹ ጋር አልገጥም አሉት። እንደገና ሞከረ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ እንደ ጋራዡ ዝም ብሎ እጁን ዘረጋ፤ የዚያን ቀን ግን የሚሰጠው እሱ ነበር።

ተቀበልኩት። ጥጉ ላይ ያለችውን ነጥብ ከሰሌዳው ምልክት ጋር አገጣጠምኩ። ሳልጫነው በራሱ ክብደት ገባ፤ ዘንጓን መለስኩ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ቀድሞ ብዙ የሚያስጠብቀው ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ወዲያው ብቅ አለ። እህቴ አጨበጨበች። አባቴ ከት ብሎ ሳቀና ትከሻ መታ መታ አደረገ፤ የእህቴን ባል ትከሻ።

ቀጥሎ የመጣው ነገር ምኞቴን የሞላልኝ መሰለኝ። ሌላ፣ ከዚያም የሚፈጥን ፕሮሰሰር መውጣቱ ተሰማ። አባቴ እንደ ልጅ ቀኑን ይጠብቃል። አንድ ማለዳ ግን አማቻችን ራሱ ጋራዡ ድረስ መጣ።

«አቦይ፣ አዲሱ አይገባም። እግሩም መቀመጫውም ሌላ ነው። ሰሌዳው ይቀየር፣ ሰሌዳው ከተቀየረ ሜሞሪው ይቀየር ነው የሚሉት። የሚተርፈው ሳጥኑ ነው።»

«ሠሪዎቹ አስበውበታል አላልክም?»

«ብዬ ነበር። አሁን ግን ሙሉውን እንድንገዛ የፈለጉ ይመስለኛል። ወደፊትም እንዲህ ሳይሆን አይቀርም፤ ትንሽ ያስኬዱንና መንገዱን ይቀይሩታል።»

ከመኪናው ጀርባ ቆሜ ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም፤ አባቴ አንገቱን የደፋውን ሰው አይቶ አዘነለት።

«አትዘን» አለው። «መኪናም እንዲሁ ነው። የማይገባውን ማስገባት ነው ሥራው። ና፣ ላሳይህ።»

የግድግዳው ምስማር ላይ የተሰቀለውን ቱታ አውርዶ ሰጠው። የእኔን ቱታ። ከዚያ የማይመጥን ሞተር ለማስቀመጥ ብረቱ እንዴት እንደሚቆረጥ፣ ቀዳዳው የት እንደሚበሳ፣ ክብደቱ ወደ አንድ ጎን እንዳያደላ እንዴት እንደሚለካ ያስረዳው ጀመር። እያንዳንዱን ነገር በቃል። እኔ ያንን ሁሉ በዓይኔ ለቅሜ፣ ተሳስቼ፣ ጣቴን ቀጥቅጬ ነው የተማርኩት። ያ ሰው ደግሞ በንጹህ ጥፍሩ ቁጭ ብሎ «ለምን?» ይላል፤ አባቴም ይመልስለታል።

ከሄደ በኋላ አልቻልኩም።

«አባባ፣ ለእኔ እንዲህ አስረድተኸኝ ታውቃለህ?»

መነጽሩን አጥፎ ኪሱ ከተተ። የተቆጣ አይመስልም፤ የገረመው ይመስላል።

«አንተ መቼ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? እሱ ይጠይቃል። አንተ ሁሉን ታውቀዋለህ ብዬ ነው ዝም የምልህ። የማታውቀው አለ እንዴ?»

ሙገሳ ይሁን ወቀሳ ዛሬም ድረስ አልለየሁትም። የዚያን ቀን የተበተነውን ዕቃ ሰበሰብኩ።

በማግስቱ ግን አንድ ካርቡራተር ፈትተን ሳለ ጠየቅሁት። ሌላ ሞተር ለማስገባት መጀመሪያ የደፈረው በየትኛው መኪና ላይ ነበር? አባቴ ቁልፉን አስቀመጠና ጎማ ላይ ተቀመጠ። ያኔ ተቀጥሮ ይሠራለት የነበረው ጣልያን እንዴት እንደሳቀበት፣ ሞተሩን እንዴት ከቆሻሻ መጣያ እንዳወጣ፣ መኪናዋ ቁልቁል ስትወርድ ፍሬኗ እንዴት እንደከዳው እየሳቀ ነገረኝ። እስከ ምሳ ሰዓት ሥራ አልነካንም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ያወራኝ የለም፤ እኔም እንዳያቆም ጥያቄ ስጨምር ዋልኩ።

ምሳ ልንበላ ስንነሳ፣

«ጥሩ ታሪክ ነው አይደል?» አለኝ። «እሑድ ለእህትህ ባል እነግረዋለሁ፤ ደስ ይለዋል።»

እጄን እየታጠብኩ፣ «እንዳልክ» አልኩት።