የይርጋ ፓስወርድ

ባለፈው ሳምንት የላፕቶፔን ፓስወርድ ቀየርሁ። እንደገና ስከፍተው አንዲት ትንሽ መስኮት ብቅ ብላ የድሮውን ጠየቀችኝ። ጻፍሁላትና የእሷንም ቃል ከአዲሱ ጋር አንድ አደረግሁት። አጠገቤ የነበረችው ልጄ «አባዬ፣ ምን ትዝ አለህ?» አለችኝ። «አንድ የድሮ ባልደረባዬ» አልኋት።

በወጣትነቴ ሽንፋ በምትባል የቆላ ከተማ፣ በአንድ የገበሬዎች ማኅበር ቢሮ እሠራ ነበር። ጊዜው ጥቅምት ነው። ሰሊጡ ታጭዶ ቆሟል፤ የጭነት መኪናው አቧራ በመስኮት እየገባ ኪቦርዱ ላይ ይተኛል። የቆላ ሙቀት ሰውን ያደነዝዛል ይላሉ፤ እኔን ያደነዘዘኝ ሙቀቱ ይሁን ሌላ፣ ዛሬም አላውቅም። ጎኔ ይቀመጥ የነበረው ይርጋ በወባ ከሞተ ገና ወሩ ነበር። ከርከዴ፣ ቀዩን የአበባ ሻይ፣ ይወድ ነበር፤ ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ የተወውን ቀይ ክብ ማንም አልወለወለውም።

የእሱን ኮምፒውተር ለእኔ ሰጡኝ። መግቢያ ፓስወርዱን የሚያውቅ ስላልነበረ ከጎንደር የመጣ ባለሙያ በአዲስ ቀየረው። ኮምፒውተሩ ተከፈተ፤ ይርጋ የኢሜሉንና የሌላ የሌላውን ፓስወርድ ያስቀመጠበት የውስጥ ሣጥን ግን በአሮጌው የይለፍ ቃል እንደተቆለፈ ቀረ። ማለዳ ማለዳ አሮጌውን ቃል ይጠይቀኛል። እዘጋዋለሁ፤ ተመልሶ ይመጣል።

«ሣጥኑን ሰርዝና አዲስ ፍጠር» ብሎኝ ነበር ባለሙያው። «ከመግቢያው ጋር አንድ ቃል ከሰጠኸው ዝም ይላል። ውስጡ ያለው ግን ይጠፋል።»

ልሰርዘው ስል የይርጋ ሚስት እናኑ ከገለጉ በጭነት መኪና መጣች። በልጃቸው ክርስትና ዕለት ይርጋ የተነሣው ፎቶ ኢሜሉ ውስጥ ነው፤ እሱን ፈልጋ ነበር የመጣችው። ይርጋን ሐኪም ቤት ሲወስዱት ስልኩ መንገድ ላይ ጠፍቷል። ከመታወቂያው በቀር የባሏ መልክ ያለበት ነገር የላትም።

ወንበር ሰጠኋትና መሞከር ጀመርን። የልጁን ስም፣ የእሷን ስም፣ ይርጋ ጎጃም ውስጥ የተወለደበትን ቀበሌ፣ ስልክ ቁጥሩን።

«እስቲ የአባቱን በሬ ስም ሞክረው» አለች። «ይርጋ ስለ በሬው አውርቶ አይጠግብም ነበር።»

እሱም አልከፈተም።

«እታለም፣ ምን ላድርግ?» አልኋት።

ስክሪኑን አየችው፣ አየችው። አላለቀሰችም። «ሥራህን አላስፈታህም፤ አጥፋው በቃ» አለች።

መጀመሪያ ሣጥኑን እንደተቆለፈ ፍላሽ ላይ ገለበጥሁላት። «ቃሉ ትዝ ያለሽ ዕለት ይህን ይዘሽ ነይ፤ ይከፈታል» አልኋት። በሻሿ ጫፍ ቋጠረችው። ከዚያ ከኮምፒውተሩ ላይ ሰረዝሁት፤ አዲስ ሣጥን ፈጥሬም የመግቢያውን ቃል ሰጠሁት። ጥያቄው ቆመ።

መኪናው ድረስ ሸኘኋትና ተመልሼ ምሳዬን፣ የማሽላ እንጀራ በወጥ፣ በላሁ። ማዘን እንደሚገባኝ አውቃለሁ፤ ብጠብቅ ብጠብቅ ምንም አልመጣልኝም። ከሰዓት በኋላም እንደ ወትሮዬ ሠራሁ።

ሽንፋን እስክለቅ ድረስ እናኑ አልመጣችም። ቃሉ ትዝ ብሏት ሌላ ሰው ከፍቶላት እንደሆነም አልሰማሁ። ፎቶውን እኔም ሳላየው ቀረሁ። አሁን የይርጋን ፊት ላስታውስ ስሞክር የሚመጣልኝ የእሷ ፊት ነው፤ ስክሪኑን እያየች፣ ሳታለቅስ።