የመሪጌታ ኪዳነ ማርያም ደም በበዓለ ሃምሳ

መብራት ስለጠፋ የሐኪም ቤቱ ደም መርማሪ አመተ ማርያም የደም መለያውን መሣሪያ በእጇ ታዞራለች። ክንዷ ዝሏል። ስታቆመው ቀዩ ደም ከቱቦው ሥር ረግቷል፤ ከላይ የቀረው ውሃ ግን ወተት መስሏል።

«ዛሬም በልተዋል!» አለች፣ ቱቦውን ወደ መስኮቱ አንሥታ።

መሪጌታ ኪዳነ ማርያም ከአንኮበር ደብረ ብርሃን ድረስ በጭነት መኪና የመጡት ለዚሁ ምርመራ ነው። ሁለት ወንድሞቻቸው ደረታቸውን እንደያዙ ድንገት አርፈዋል፤ አሁን እርሳቸውንም ደረታቸውን መውጋት ጀምሯቸዋል። ሐኪሙ፣ በደማቸው የሚዞረው ስብ ቅንጣቱ ትልቅ ይሁን ትንሽ ሳላውቅ መድኃኒት አላዝም ብሏል። ዘዴው ቀላል ነው። የደሙ ውሃ ብርድ ላይ ያድራል። ትልልቁ ቅንጣት እንደ ስልባቦት ከላይ ይሰፍራል፤ ትንንሹ ውሃውን እንዳደፈረሰ ያድራል። ቁርስ የበላ ሰው ደም ግን ምንጊዜም ስልባቦት ያወጣል፤ የምግቡ ይሁን የበሽታው አይለይም።

«ባዶ ሆድዎን ይምጡ ብዬ ለምኜዎት አልነበር?»

«በበዓለ ሃምሳ? ጌታ ተነሥቶ እኔ ልጹም? ዓርብ እንኳ ቅቤ በሚበላበት!»

«ጾም አይደለም መሪጌታ፣ ምርመራ ነው።»

«ሆዴ ይህን በምን ያውቃል፣ ልጄ?»

አብረዋቸው የመጡት ባለቤታቸው አስካለማርያም ሳቁ። «እኔ ነኝ ያበላኋቸው። ያን ሁሉ መንገድ በባዶ ሆድ ላምጣቸው?»

አመተ ማርያም አልሳቀችም። «እንግዲያው እኔ ቤት ይደሩ። ራትዎን በልተው ይተኛሉ፤ በጠዋት ደምዎን እወስዳለሁ።»

«ነገ ማኅሌት አለብኝ። ጰራቅሊጦስ ይለፍ፤ ያን ጊዜ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾምልሻለሁ።»

ቃላቸውን ጠበቁ። የሰኔ ጾም እንደገባ ከንፈራቸው ደርቆ ከች አሉ። ደሙ ተወስዶ አደረ። በማግስቱ ስልባቦት የሚባል የለም፤ ውሃው ከላይ እስከ ታች እንደ ጉም ደፍርሷል። ትንንሹ ነው። ግን ለማን ታሳየው? ሐኪሙን በዚያው ሰሞን ወደ ጦር ግንባር ወስደውታል፤ ምትኩም አልመጣም።

«እህስ፣ ምን ይላል?» አሉ መሪጌታ።

«ደሙስ ተናግሯል። መድኃኒቱን የሚያዝልዎት ነው የጠፋው።»

«ያን ጊዜ ባድር ኖሮ...»

«ያን ጊዜማ ሐኪሙ ነበር!» አለች። በእርሳቸው ትቆጣ፣ በዘመተው ሐኪም ወይስ በዘመኑ፣ አላወቀችም። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አንሥተው ደረታቸውን እያሻሹ ወጡ።

ይህን የምታነቡ ልጆቼ፣ አደራ፦ ሐኪም ደማችሁን በባዶ ሆድ ሲፈልግ፣ በበዓለ ሃምሳም ቢሆን፣ ራታችሁን በልታችሁ ተኙና የዚያችን ጠዋት ቁርስ ብቻ አቆዩልኝ።