ባለ አንዱና ባለ ሦስቱ

ከጎረቤት አጥር ወዲያ ብየዳ ሲጀመር ድምፁ ቀድሞ ይደርሰኛል። የጋለ ዘይት ላይ እንደተጣለ ሽንኩርት ይንጨረጨራል፣ ትንሽ ቆይቶም የተቃጠለ ብረት ሽታ በአጥሩ ቀዳዳ ይገባል፣ እኔም የያዝኩትን ሥራ አስቀምጬ ሳላስበው አዳምጣለሁ። በያጁ የሚቀልጠውን ዘንግ፣ ኤሌክትሮዱን፣ ከብረቱ ሲያርቀው ድምፁ ይሳሳል፣ አብዝቶ ሲያቀርበው ደግሞ ይታፈናል። ይህን ለይቼ እንድሰማ ያስተማረኝ አባቴ ነው። አባቴ ዓይነ ስውር በያጅ ነበር።

ለሰሚው ቀልድ ይመስላል፣ እውነቱ ግን እንዲህ ነው። አባዬ ነገሌ ካምፕ ውስጥ በጦሩ ጋራዥ ብዙ ዓመት ሲበይድ ኖሮ፣ መንግሥት ሊለወጥ ጥቂት ወራት ሲቀሩ የብየዳ ጋዝ የሚወጣበት የካርባይድ በርሜል ፊቱ ላይ ፈንድቶበት ሁለት ዓይኑን አጣ። ጦሩ ሲበተን ጓደኞቹ ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው ወደየአገራቸው ሲጓዙ እኛ ቀረን፤ እናቴ ጡሜ የዚያው አገር፣ የዱብሉቅ ልጅ ናት፣ አባዬም «ሚስቴ ያለችበት አገሬ ነው» ብሎ ከካምፑ አጥር ሥር ባለችው ሁለት ክፍል ቤታችን ተቀመጠ። አንድ የጦር ጓደኛው አሮጌ የብየዳ ማሽን ሲያውሰው እማዬ ጭምብሉን አጥልቃ ኤሌክትሮዱን ጨበጠች፣ አባዬ ከጎኗ በርጩማ ላይ ተቀምጦ በጆሮው ይመራት ጀመር።

የጋና ዝናብ፣ ያ የመጋቢትና የሚያዝያ ትልቁ ዝናብ ሲወርድ ጋሪዎች ጭቃ ውስጥ እየተሰበሩ ግቢያችን በብረት ይሞላ ነበር። እማዬ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ተንበርክካ ትበይድ ነበር፣ አባዬ አንገቱን ዘንበል አድርጎ «ራቀ»፣ «አሁን ደህና»፣ «ቀስ በይ ጡሜ፣ የሚያባርርሽ የለም» ይላት ነበር፣ ስትጨርስም የበየደችውን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አድርጎ ያዳምጥና «እዚህ ጋ ውስጡ ባዶ ነው» ይል ነበር፣ ተፈልፍሎ ሲታይም በእርግጥ ባዶ ሆኖ ይገኝ ነበር። አንድ የተልተሌ ሽማግሌ የጋሪ አክሰል አስጭነው መጡና «አካም፣ ናጋ?» ብለው ደህንነታችንን ጠይቀው ከተቀመጡ በኋላ፣ «ዓይን ያላቸው ሁለት ጊዜ በይደውልኝ ሁለት ጊዜ ተሰበረ፣ እስቲ ደግሞ ዓይን የሌለው ይሞክረው» አሉ። አባዬ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። አክሰሉ ዳግመኛ አልተሰበረም፣ ከዚያ ወዲያ ሰው ወደ ቤታችን የሚመጣው የእማዬን እጅና የአባዬን ጆሮ ብሎ ነበር። የአባዬ ዓይን ደግሞ እኔ ነበርኩ። አራተኛ ክፍል ስለደረስኩ የቀረውን ኤሌክትሮድ፣ ዶሮዎቹን፣ በበራችን የሚያልፉትን ግመሎች ሳይቀር «ቁጠሪልኝ» ይለኝ ነበር፣ የነገርኩትንም ለሌላ ሰው ደግሞ አይጠይቅም ነበር።

አዶሌሳ ገባ፤ ሰማዩ ደመና ይዞ ዝናብ የሚከለክልበት ብርዳም ወቅት ነው። የማሽኑ ባለቤት አገሬ እገባለሁ ብሎ ማሽኑን ጭኖ ሄደ፣ ግቢያችንም ጭር አለ። የራሳችንን ከመግዛት በቀር መንገድ አልነበረንም፣ ለዚህም ያለን የእማዬ ወንድሞች ከዱብሉቅ የሰጧት ላሞች ብቻ ነበሩ። ይህን ጊዜ አጎቴ ታደሰ ወሬ ይዞ መጣ። የአባዬ ታናሽ ወንድም ነው፣ እየተዘዋወረ ጨው ይነግድ ነበር። ክብረ መንግሥት ላይ ጋራዡን ዘግቶ የሚሄድ ሰው ሁለት የብየዳ ማሽን እንደሚሸጥ፣ አንደኛው ትንሽና በኤሌክትሮድ ብቻ የሚሠራ፣ ሁለተኛው ግን በኤሌክትሮድም፣ በጥቅል ሽቦም፣ በአርጎን ጋዝም የሚሠራ ትልቅ ማሽን እንደሆነ ነገረን። ከዚያን ቀን ጀምሮ በቤታችን ስማቸው ባለ አንዱና ባለ ሦስቱ ሆነ።

«ጋሽዬ፣ ባለ አንዱ የሚሠራውን ባለ ሦስቱም ይሠራዋል፣ ሌላ ሁለት ደግሞ ይጨምርልሃል» አለ አጎቴ። «ግመል እያለ አህያ ይገዛል?»

«ግመል በእኔ በር አይገባም» አለ አባዬ።

አባዬ እንደሚለው እኛ የምንሠራው በር፣ አልጋና ጋሪ ነው፤ የጥቅል ሽቦው ጋዝ ይፈልጋል፣ ጋዙ ሲያልቅ ሲሊንደሩ እንደገና እስኪሞላ ሻሸመኔ ድረስ ይጫናል፣ በዚያ ላይ በደጅ ሲበየድ የደረቁ ወራት፣ የቦና ነፋስ ጋዙን ጠርጎ ይወስደዋል። እማዬ ይህን ሁሉ ሰምታ፣ በዚያ በኦሮምኛ በተቃኘ አማርኛዋ «ላሙ የእኔ፣ እጁ የእኔ፣ ምርጫው የማን?» አለች። አጎቴ ሳቀባት። እኔ ራሴ ሄጄ አያለሁ ብትልም ልትወልድ የደረሰች ነበረችና ያንን መንገድ አትችለውም ነበር። አባዬ ባለ ሦስቱን ጨርሶ አልጠላውም፤ በቤታችን መብራት የሚሠራ ከሆነ ይገዛ፣ ካልሆነ ባለ አንዱ ይምጣ ብሎ ፈረደ፣ እኔንም ከአጎቴ ጋር ላከኝ።

ሊሸኘኝ በር ድረስ መጥቶ ትከሻዬን ያዘና፣ «ከማሽኑ ኋላ ጭራ የሚመስል ገመድ ይወጣል። ጫፉ ላይ ያሉትን ሽቦዎች ቁጠሪ። ሁለት ከሆኑ የእኛ ቤት መብራት ያስነሳዋል፣ አራት ከሆኑ ግን የወፍጮ ቤት መብራት ነው የሚፈልገው፣ እኛ ቤት ድንጋይ ነው የሚሆነው። ምስክሬ አንቺ ነሽ» አለኝ።

የሐጋያ አነስተኛ ዝናብ ጀምሮ ነበርና መንገዱ ሲንሸራተት ውሎ ክብረ መንግሥት ደረስን። ባለ አንዱ ግራጫ ነበር፣ ጥግ ላይ አቧራ ጠጥቶ ተቀምጧል፣ ጭራውን አንስቼ ብቆጥር ሁለት ሆነ። ባለ ሦስቱ ቀይ ነበር፣ ጎማ ነበረው፣ እንደ ቁምሳጥን ቆሟል፣ ጭራውንም ብቆጥር አራት ሆነ። ደግሜ ቆጠርኩ፣ አራት ነው። አጎቴ ይህን ጊዜ እጄን ይዞ ወደ ገበያው ወሰደኝና አበባ ያለበት ጃንጥላ ገዝቶ ሰጠኝ። ነገሌ ውስጥ እንዲህ ያለ ጃንጥላ የያዘች ልጅ አይቼ አላውቅም ነበር። ስንመለስ በመኪና ላይ ጎንበስ ብሎ፣ «ሁለቱ ሽቦዎች ትርፍ ናቸው፣ ይቆረጣሉ። ሁለት ነው ብለሽ ንገሪው፣ እንዲህ ባለ ነገር ጋሽዬን አታስጨንቂው» አለኝ። ልጅ ስለነበርኩ አመንኩት ብል ደስ ይለኝ ነበር። አላመንኩትም። አባዬ የነገረኝ ነገር ሐሰት ሆኖ እንደማያውቅ አውቅ ነበር፣ ጃንጥላው ግን በእጄ ነበር።

ቤት ስንገባ አባዬ በርጩማው ላይ ሆኖ ጠበቀኝ።

«የባለ ሦስቱ ጭራ ስንት ነው?»

«ሁለት።»

ፊቱን ወደ እኔ መለሰ። እኔ ጃንጥላውን ስነካካ በእጄ ላይ ተከፈተ።

«ምንድን ነው የተከፈተው?» አለኝ።

«ጃንጥላ ነው። አጎቴ ገዛልኝ።»

«ደግ ነው» አለ። በሳምንቱ ላሞቹ ተሸጡ።

ማሽኑ የመጣው ቦና ገብቶ፣ መሬቱ ደርቆ ቀይ አቧራ ሲነሳ ነው። ከአይሱዙ ላይ ለማውረድ ስድስት ሰው ፈለገ፣ በበራችንም አልገባ ብሎ አጥሩ ተነቀለለት። ጎረቤት ተሰብስቦ ያያል፣ እማዬ አዲስ የተወለደውን ወንድሜን አዝላለች። አባዬ መጥቶ ጎማውን ዳሰሰ፣ ቁልፎቹን ዳሰሰ፣ ወደ ኋላ ዞሮ ጭራውን እስከ ጫፉ ተከተለውና ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ ለያቸው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አራተኛውን ይዞ ቆየ።

ከጣቶቹ ጋር አብራ የቆጠረችው እማዬ «አፉር» አለች በኦሮምኛ፣ ከዚያም ወደ እኔ ዞራ፣ «አራት ነው። አንቺ ሁለት አላልሽም?» አለችኝ።

አጎቴን አየሁት። «እኔን ምን ታዩኛላችሁ፣ የቆጠረችውን ልጅ ጠይቋት» አለ። እማዬ ነጠላዋን አጥብቃ ወደ እኔ መጣች፣ ከእሷ ዱላ ይልቅ የፈራሁት ግን ያን ሁሉ ጎረቤት ነበር። ይህን ጊዜ አባዬ ጭራውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አኖረው።

«ልጅቷን ተያት ጡሜ። እሷ አራት ነው ያለችኝ። ሁለት ብዬ የሰማሁት እኔ ነኝ» አለ።

አባዬ በዓለም ላይ የቀረው ነገር ጆሮው ብቻ ነበር፣ እሱን ነው በእኔ ፈንታ የሰጠው። አፌን ከፍቼ «ውሸት ነው፣ ሁለት ብዬዋለሁ» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። አጎቴ ግን ፈጣን ነበር፣ «ጋሽዬ፣ እንግዲህ ጆሮህም ደከመ ማለት ነው» አለ፣ ይህን ሲል ሁሉም ሰምቷል።

ማሽኑን እንዳንመልስ ሻጩ ከአገሩ ወጥቷል፣ እኛ ቤት እንዳይሠራ መብራቱ አይችለውም። አጎቴ ከዋናው መንገድ ዳር ካለው ወፍጮ ቤት ጎን ተከለው፣ ከሻሸመኔም በያጅ አመጣ፣ እማዬን ደግሞ ሴት ልጅ መንገድ ዳር ጭምብል አጥልቃ አትቀመጥም አላት። ላሞቿን የበላው ማሽን እጇን ሳያስነካት ቀረ። አባዬ ጥቂት ቀን በዱላው እየመራሁት ሄዶ አጠገባቸው ተቀመጠ። አንድ ቀን «ራቀ» ቢለው በያጁ ቀና ብሎ፣ «አባባ፣ አራትን ሁለት የሚሰማ ጆሮ ራቀ ቀረበን ከየት ያውቃል?» ሲለው ወፍጮ የሚጠብቁት ሴቶች ሳቁ። አባዬም አብሯቸው ፈገግ አለ፣ ተነስቶም «ወደ ቤት ውሰጂኝ» አለኝ፣ ከዚያ ወዲያ ወደዚያ አልሄደም። ጋዙ ሁለት ወር ሳይሞላው አለቀ፣ የቦና ነፋስም አባዬ እንዳለው ብየዳውን ወንፊት አደረገው፤ ባለ ሦስቱ ማሽን ከዚያ በኋላ በኤሌክትሮድ ብቻ እየሠራ ኖረ፣ ባለ አንዱ የሚሠራውን፣ ግን ከቤታችን ርቆ። እማዬ ወተት ትቸረችር ጀመር። አባዬ ያን ቃል አንድም ቀን አላነሳብኝም፣ አንድም ቀን ክፉ አልተናገረኝም። ብቻ እስኪሞት ድረስ «ቁጠሪልኝ» ብሎ አላዘዘኝም።

አሁን ነገሌ ውስጥ የብየዳ ማሽን በየሱቁ ተደርድሯል። ልጄ የቤቷን በርና የልጆቿን አልጋ ራሷ ለመበየድ አስባ የቱን እንደምትገዛ ስትጠይቀኝ አብሬያት ሄድኩ፤ ባለ ሦስት ሥራው ማሽን ዛሬ እንደ ሻንጣ በአንድ እጅ ይነሳል፣ ጭራውንም ባየው ማንኛውም ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰካ ነው። ያኔ የዋሸሁት ነገር ዛሬ እውነት ሆኖ ሱቅ ውስጥ ይሸጣል። እኔ ግን ለልጄ ባለ አንዱ ይበቃሻል፣ ጋዝ የማታገኝለትን አትግዢ፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ ገዝተሽ የምትሠሪበት አንቺ ነሽና ማንም አይምረጥልሽ አልኳት።

የአባዬ ዘመን ሰዎች ጥቂቶች አሁንም አሉ። ስሙ ሲነሳ «ጎበዝ ነበር፣ ኋላ ጆሮው ከዳው እንጂ» ይላሉ። እኔም በሰማሁ ቁጥር ቆሜ፣ ጆሮው አልከዳውም፣ የከዳሁት እኔ ነኝ፣ አራቱን ቆጥሬ ሁለት ያልኩት እኔ ነኝ እላቸዋለሁ። እነሱም ራሳቸውን ይነቀንቁና፣ «አይ፣ አባቷ አይደል፣ ስሙን ልታድንለት ነው፣ ልጅ እኮ እንዲህ ናት» ብለው እየመረቁኝ ያልፋሉ። ስዋሽ አንድ ሰው አመነኝና ቤታችን ፈረሰ፣ እውነቱን ስናገር ግን ከተማው ሁሉ ምርቃት ይሰጠኛል እንጂ አያምነኝም።