የወይዘሮ አትጠገብ ፊት

ባለፈው ሳምንት ወንድሜ ቤት ሄጄ ሳለ ልጁ ሕሊና ስልኳን ይዛ አጠገቤ ቁጭ አለችና፣ «አክስቴ፣ አንቺ ፎቶ ቤት ሠርተሻል አይደል? ፎቶ ማስተካከል ለሚጀምር ሰው የትኛው አፕ ይሻላል?» አለችኝ። አንዱ ፊት ያጠራል፣ አንዱ ጥርስ ያነጣል፣ አንዱ ደግሞ ከኋላ ያለውን ግድግዳ አንሥቶ ባሕር ያስቀምጣል። እኔ የተጠየቅኩትን በቀጥታ መመለስ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። «ቆይ እስኪ» ብዬ ስጀምር፣ ሊረዝም መሆኑ ገብቷት ትራሱን ወደ ጀርባዋ ሳበች።

ሚሊኒየሙ ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ደብረ ማርቆስ፣ ከገበያው ወረድ ብሎ ባለ አንድ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ ነበር። ባለቤቱ ጋሽ ተክሉ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ እጁ የተባረከ ግን ግትር ሰው ነው። ፊልም ማጠቡን ትተን ኮምፒውተር ባስገባን ሰሞን ፎቶሾፕ አስጫነ። እኔ ግን ከስካነሩ ሲዲ ጋር የመጣችውን አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ወድጄ፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ በእሷ እሞካክር ነበር። ብሩሽ፣ ላጲስ፣ የቀለም ሳጥን፤ አለቀ። ጋሽ ተክሉ ሲያየኝ «መጫወቻሽን ትተሽ ዋናውን ብትማሪ ምናለበት?» ይለኛል። ዋናውንማ ሞክሬዋለሁ። ያ ሁሉ ምልክት ሲደረደርብኝ የማላውቀው ሰው ቤት የገባሁ ይመስል የት እንደምቀመጥ ይጠፋኛል። ኮምፒውተራችን ሌላ ሰው የተገለገለበት አሮጌ ስለነበር ደግሞ፣ ፎቶሾፑ እስኪከፈት በቆሎ ጠብሶ መብላት ይቻላል።

መስከረም ነበር፤ ዝናቡ ገና አልለቀቀም። ቅዳሜ ስለሆነ ከተማው በገበያተኛ ተጨናንቋል፣ መንገዱ ጭቃ በጭቃ ነው፣ ደጃችን ላይ የእሸት ጥብስ ይሸታል። ረፋዱ ላይ ከዲማ በኩል አንድ የቅኔ መምህር መጡ። እኛም የኔታ አልናቸው። ከጋቢያቸው ሥር በፕላስቲክ የተጠቀለለ የቀበሌ መታወቂያ አወጡ።

«ባለቤቴ ናት፤ አትጠገብ ትባላለች። ተዝካሯ ነገ ነው» አሉ። «ከዚህ በቀር ሌላ ፎቶ የላትም።»

ክረምቱን ቤቱ አፍስሶ ፎቶው ረጥቧል። የማህተሙም ቀለም ጉንጯ ላይ ፈስሶ ሰማያዊ አድርጓታል። ለቀብሯ ያልደረሱ እህቶች አሏት፤ ወንዝ ሞልቶባቸው ነው የቀሩት፤ ነገ ለተዝካሩ ይደርሳሉ። በእኛ አገር ለቀብር ያልደረሰ ዘመድ ሲመጣ ለቅሶው እንደ አዲስ ይነሣል፤ የሟች ፎቶ ከፍ ተደርጎ ይያዛል፣ እህትም ፊቷን እያየች ሙሾ ታወርዳለች። የኔታ የፈለጉት ይህንኑ ነው፤ እህቶቿ አይተው የሚያለቅሱበትን ፊት። የሚመለሱባት መኪና ደግሞ ከሰዓት በኋላ ትወጣለች፤ ከእሷ ወዲያ ሌላ የለም።

ጧፍ ሊገዙ ወደ ገበያ ሲወጡ ጋሽ ተክሉ ፎቶውን ከመታወቂያው አላቅቆ ስካነሩ ላይ አስተኛው። ስካን ሆነ። ሲያነሣው ግን እርጥቡ ወረቀት መስታወቱ ላይ ተጣብቆ ኖሮ፣ የሴትዮዋ ፊት ተልጦ እዚያው ቀረ።

«ስካኑ አለን» አለ ጋሽ ተክሉ።

በፎቶሾፑ ሥራውን ያዘ። እውነቱን ለመናገር ማህተሙን ሲያነሣ ማየት ደስ ይል ነበር፤ ከአጠገቡ ያለውን ቆዳ እየቀዳ እየለጠፈ ሰማያዊውን ድራሹን አጠፋው። እዚያ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት። ነገር ግን የፎቶ ቤት ልማድ አለ። ደንበኛው ሁሉ «ቀላ አድርጉኝ» እያለ ስለሚመጣ እጁ ሳይጠየቅ ያቀላል፣ ያለሰልሳል። ግንባሯ ላይ የጠቆረ ነገር ሲያይ የውኃ እድፍ መሰለውና ጠረገው። አንገቷ ላይ የነበረውን ጥቁር መስመርም እንዲሁ። እኔ ውጭ ደንበኛ ሳስተናግድ ቆይቼ ስመለስ፣ ያውም በዚያው በስካኑ ላይ ሴቭ አድርጎ፣ አትሞ ጨርሷል፤ ያልተነካው ስካን የለም።

የኔታ ሲመለሱ ፎቶውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ብርሃን ወዳለበት ወደ በሩ ወሰዱት። ትኩር ብለው አዩት።

«ደህና ሴት ናት» አሉ በትሕትና። «የማን ናት?»

ጋሽ ተክሉ «የእርስዎ ናት እንጂ፣ የኔታ» ሲላቸው ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«መስቀሏስ? በልጅነቷ ግንባሯ ላይ የተነቀሰችው? እኔ እንዲህ ያለች ቀይ ሴት አላገባሁም። እህቶቿ ይህችን አይተው ማንን ያልቅሱ? መታወቂያውን ስጡኝ፤ የረጠበውም ይሁን፣ ያንኑ ይዤ እሄዳለሁ።»

ጋሽ ተክሉ ባዶውን መታወቂያ አንገቱን ደፍቶ ሰጣቸው። ፎቶው የነበረበትን ቦታ በጣታቸው ዳሰሱት። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው መሬት መሬቱን ያዩ ጀመር።

መብራቱ ከጠዋት ጀምሮ ብልጭ ድርግም እያለ ነው። ጋሽ ተክሉ እንደገና ወደ ፎቶሾፑ ሲዞር፣ «ተወው ጋሽ ተክሉ፣ እሱ እስኪከፈት መብራቱ ይሄዳል። በእኔዋ እንሥራው» አልኩት። ከየት ያመጣሁት ድፍረት እንደሆነ አላውቅም። «በዚያች መጫወቻ?» አለ፤ ግን ከወንበሩ ተነሣልኝ። ሌላ ወንበር አስጠጋሁና የኔታን «ይምጡ፣ እርስዎ ይንገሩኝ» አልኳቸው።

ትንሿ ፕሮግራም ወዲያው ተከፈተች። መጀመሪያ ፊቷን አጠየምኩት። «ጨምሪ» አሉኝ፤ ጨመርኩ። ከዚያ ቀጭኑን ብሩሽ ይዤ ግንባሯ መካከል መስቀሉን ስጀምር፣ «አይደለም ልጄ፣ ወደ ቀኝ ቅንድቧ ዘንበል ያለ ነው። ሲነቅሷት ተወራጭታ ነው የተጣመመው፤ እናቷ ነግራኛለች» አሉ። አጠፋሁና ደገምኩ። ደጅ የኔታ የሚሳፈሩባት መኪና ረዳት «ደብረ ወርቅ፣ ደብረ ወርቅ» እያለ ይጣራል። መብራቱ ደከም አለ፤ ተመለሰ። ደጋግሜ ሳጠፋ አይተው «አይዞሽ» አሉኝ፣ እኔ ላጽናናቸው ሲገባኝ።

«የአንገቷ ንቅሳትስ እንዴት ያለ ነው፣ የኔታ?»

ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እኔ እንጃ» አሉ። «ይህን ሁሉ ዘመን አብሬያት ኖሬ፣ እኔ እንጃ።»

እንባቸው የመጣው ያኔ ነው። ጋሽ ተክሉ ወደ ግድግዳው ዞረ። የኔታ በጋቢያቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉና «የማናውቀውን አንጨምርባት» አሉ። እኔም ነጠላዋን ከፍ አድርጌ በነጭ ቀለም አንገቷን ሸፈንኩት።

ማተሚያው ወረቀቱን ሲስብ ሦስታችንም ከላዩ ቆመን ነበር። መብራቱ ጠበቀን። ወረቀቱ ሲወጣ የኔታ አንሥተው አዩት። ቤት ውስጥ ሚስቱን እንደሚያናግር ሰው፣ ቀስ ብለው፣ «በይ እንሂድ፤ መኪናው ሊሄድብን ነው» አሏት።

ሕሊና ስልኳን አስቀምጣ ትሰማኝ ነበር። የሚገባሽን ያዢ፣ ትንሽ ቢሆንም ግድ የለም፤ ያልተነካውን ፎቶ ለብቻው አስቀምጪ፤ ፊቱን የሚያውቅ ሰው አጠገብሽ ይኑር፤ ከዚህ ሌላ ምክር የለኝም አልኳት። የሴትዮዋ አንገት ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እሳቸው የማያውቁትን ማን ሊያውቀው ነው? እኔስ የእናቴን እጅ በቃሌ እሥለዋለሁ? አልሥለውም። አብሮ መኖር ማየት ይመስለናል።

ሕሊና ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ትንሽ ቆይቶ እናቷ «አንቺ ልጅ፣ ምን አፍጥጠሽ ታዪኛለሽ?» ስትላት ሰማሁ።