ያልነቀልሁት ሽቦ

ሲወስዱኝ ለጫጩቶቼ ውሃ እየቀየርሁ ነበር። ጫማ እንኳ አላስቀየሩኝም፤ በነጠላ ጫማዬ ሄድሁ። ያስገቡን ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ የእህል መጋዘን ነው። ሲሚንቶው ይቀዘቅዛል፤ የማዳበሪያው ሽታ ዓይን ያቃጥላል። ሃያ ሦስት ሴቶች ነበርን። ለምን እንደታሰርሁ የነገረኝ የለም። የት እንዳለሁ ለእናቴ የነገራትም የለም።

በሁለተኛው ሳምንት የጥበቃው አለቃ በሩን ከፍቶ ቆመ።

«ከእናንተ መሀል ዶሮ የምታውቅ አለች?»

አጠገቤ የሚተኙት ከሊበን የመጡ እናት ሳቁ። «እኛ የምናውቃት ወጧን ነበር፤ እሷንም ረሳናት።»

እኔ እጄን አወጣሁ።

አለቃው ግቢው ውስጥ ስምንት ትልልቅ ዶሮዎች ነበሩት። አሥራ ሁለት የአርባ አምስት ቀን ጫጩት ገዝቶ፣ እንዳመጣቸው መሀላቸው ለቀቃቸው። ትልልቆቹ ሁለቱን ጭንቅላታቸውን ነቁረው ገደሏቸው።

«ጥፋቱ የእርስዎ ነው» አልሁት።

«ምን አልሽ?»

«ዶሮ እንግዳ በአንድ ቀን አትቀበልም። በሽቦ ይለዩዋቸው። ይተያዩ፤ ግን አይነካኩ። መኖውም ውሃውም ለየብቻ ይሁን። ጫጩቶቹ ጉልበት ሲያወጡ፣ ቢያንስ ከወር በኋላ፣ ትልልቆቹ አመሻሽ ላይ ቆጥ ሲወጡ አጠገባቸው ያስቀምጧቸዋል። አብረው አድረው ሲነሡ ጠቡ ይቀንሳል።»

«በደኅና ከተቀላቀሉልኝ ለእናትሽ ትደውያለሽ» አለ።

ከዚያ ወዲያ ጧት ጧት ለሩብ ሰዓት ያወጡኝ ጀመር። ሽቦውን ራሴ ወጠርሁ። ፀሐይ የማየው በነሱ ሰበብ ነበር።

በዐሥረኛው ቀን ስልኩን ይዞ መጣ።

«ነገ የበላይ ኃላፊ ይመጣል። ይኸ ሽቦ ግቢውን አበላሸው። ንቀይና አንድ ላይ አድርጊያቸው። ከዚያ ደውይ።»

«ገና ናቸው። ይገድሏቸዋል።»

«የሚሞተው ይሙት። ቁጥሩን ንገሪኝ።»

ነገርሁት። ቁጥሩን ጽፎ፣ መደወያውን ሳይነካ ፊቴ ላይ ያዘው።

«በይ እንግዲህ።»

እጄ ሽቦው ላይ ነበር።

«አልነቅልም። እርስዎ ይንቀሉት።»

ለጫጩቶቹ አዝኜ ብቻ አይደለም። ምርመራ ላይ የማላውቀውን አውቃለሁ በይ እየተባልሁ ነበር የከረምሁ። ይኸን ግን አውቀው ነበር።

ስልኩን ኪሱ ከተተ። ሽቦውን በእግሩ ረግጦ ጣለው። እኔን ወደ መጋዘኑ መለሱኝ። የጫጩቶቹ ጩኸት በግድግዳው ያልፍ ነበር።

ለሊበኗ እናት ነገርኋቸው።

«ምነው ልጄ፣ ዶሮ አይደል እንዴ! እናትሽስ?»

ጫማዬን ተንተርሼ ጋደም አልሁ።

ጧት የሞቱትን እንድለቅም አወጡኝ። ስድስት ናቸው። «ወዲያ ወርውሪያቸው» አለኝ አለቃው። አልወረወርሁም። አጥሩ ሥር በእጄ ቆፍሬ ቀበርኋቸው። ቆሞ አየኝ እንጂ አልከለከለኝም። ስለ ስልኩ እሱም አላነሳ፣ እኔም አልጠየቅሁ።

ከአራት ወር በኋላ ተፈትቼ ቤት ስደርስ እናቴ ከል ለብሳ አገኘኋት። ሞተች ብለው ነግረዋት ተዝካሬን አውጥታለች።

የስልኩን ነገር የነገርኋት ቆይቼ ነው። ልብስ እያጠፈች ነበር።

«እና ሽቦውን አልነቀልሽም?»

«አልነቀልሁም፣ እማ።»

ቀና ብላ አላየችኝም። ማጠፏን ቀጠለች። ዛሬም አንድ ቤት ነው የምንኖረው፤ ያን ነገር ግን ደግመን አላነሳነውም። ልክ ነበርሁ ወይ እያልሁ ራሴን እጠይቃለሁ። ስለ ጫጩቶቹ አልተሳሳትሁም።