የአባቴ የጠበል ጣሳ

ይህን ጣሳ ባነሳሁት ቁጥር የዛገ ቆርቆሮና የእርጥብ አፈር ሽታ ይሸተኛል። አባቴ ለብዙ ዓመት ጠበል የቀዳበት ነው። ዛሬ ሚዛን ተፈሪ ያሉ የዩኒቨርሲቲ አስተማሪዎች ስለ ሳይንስና ሃይማኖት ሲከራከሩ እኔን ይጠሩኛል፤ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩትን ሰውዬ። አይገርመኝም። እነሱ ያነበቡትን እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ያኔ ወጣት ነበርኩ፤ በሸዋ ቤንች አካባቢ እኔ ያልጠገንኩት ራዲዮ አልነበረም። ማንም አላስተማረኝም፤ ፈታሁ፣ ገጠምኩ፣ ገባኝ። ቡናው አብቦ አገሩን ሁሉ ሽታው በሞላበት ሰሞን፣ ጠበሉ ቦታ የሰነበተ ሰው በተቅማጥ ይወድቅ ጀመር። ታናሽ እኅቴም ወደቀች። አባቴ ከአጠገቧ ሳይነሳ በዚሁ ጣሳ ጠበሉን ደጋግሞ ያጠጣት ነበር። በጠጣች ቁጥር ባሰባት።

ከጤና ጣቢያ አንድ የላብራቶሪ ባለሙያ ማይክሮስኮፕ ተሸክሞ መጣ። የተማረ ሰው ነበር፤ አነጋገር ግን አያውቅም። ሕዝቡ ፊት ቆሞ "ይህ ጠበል ሰው እየገደለ ነው፤ ይዘጋ" አለ። የሕዝቡ ጩኸት ዛፉ ላይ የነበሩትን ጉሬዛዎች ከዛፍ ዛፍ አዘለላቸው። ወንዶቹ ዱላቸውን ጨበጡ፤ የጠበሉ ቦታ ቄስም ወደ ምንጩ ተጠጉ።

እኔ መሀል ገባሁ። "ከምንጩ አፍ ይቀዳና ይታይ፤ ከገንዳውም ይቀዳና ይታይ" አልኩ።

"ራዲዮ ጠጋኙ ደግሞ ሐኪም ሆነልን" አለች አንዲት ሴት። ተሳቀ።

ምክንያት ነበረኝ። ሕመምተኛው ምንጩ ሥር ይጠመቃል፤ የታጠበበት ውሃ ወርዶ ገንዳው ውስጥ ይጠራቀማል፤ አባቴ ለሰው የሚያጠጣውን የሚቀዳው ከገንዳው ነበር። ሁሉም በየቀኑ ያየዋል፤ ልብ ያለው ግን አልነበረም።

ባለሙያው ከሁለቱም ቀዳ። በቅጠሎቹ መሀል የሾለከችውን ፀሐይ በማይክሮስኮፑ መስታወት የያዝኩለት እኔ ነኝ። ቄሱ አጎንብሰው አዩ። የምንጩ ጥርት ያለ ነበር። የገንዳው ላይ ሲደርሱ ብዙ ቆዩ።

"ይንቀሳቀሳሉ" አሉ። ከዚያ ቀና ብለው "የላዩ የእግዜር ነው። የታችኛውን ያቆሸሽነው እኛ ነን" አሉ። ዱላው ሁሉ ወረደ። በማግስቱ ከምንጩ አፍ የቀርከሃ ቧንቧ ዘረጋን።

"እኔ እኮ እንዲዘጋ ነበር የጠየቅሁት" አለኝ ባለሙያው ዕቃውን እየሸከፈ።

"ወንድሜ፣ አንተ ያየኸውን አሳያቸው፤ የሚያደርጉትን እነሱ ያውቃሉ" አልኩት። ለአስተማሪዎቹም የምነግራቸው ይህንኑ ነው፤ እስካሁን የረታኝ የለም።

ማይክሮስኮፑ ሳይሸከፍ፣ ከሁሉ በኋላ አባቴ "እስቲ እኔም ልይ" ብሎ ነበር። አየ። ቀና ሲል ዓይኑ ያረፈው ጣሳው ላይ ነበር።

"በእጄ ነው ያጠጣኋት?" አለኝ።

ለሁሉ መልስ የነበረኝ ሰውዬ፣ የማይክሮስኮፑን መስታወት መወልወል ጀመርኩ።

እኅቴ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ በጨውና በስኳር እየጠጣች ዳነች፤ ዛሬ ሸኮ ላይ የልጅ ልጆች አይታለች። አባቴ ግን ጣሳውን ለእኔ ሰጠኝ፤ ዳግመኛም ጠበል አልቀዳም። እቤት ውስጥ እሷ ውሃ ስትጠይቅ ቀድሞ የሚነሳው እሱ ነበር። ብርጭቆውን አጥቦ ይሞላል፣ በሩ ጋ ሲደርስ ይቆማል፣ ለእኔ ያቀብለኝና እጆቹን ጋቢው ውስጥ ይከታል።

"አንተ ስጣት" ይለኛል።