ግንድ የሚያህለው መዝገብ

ልጄ ኮምፒውተሯን ከፍታ አገጯን በእጇ ደግፋ ትጠብቃለች። ሥራዋ የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም ማበጀት ነው፤ ትልቅ ፋይል ሲሰጡት ድርቅ ብሎ ይቀራል። «ከዳር እስከ ዳር አንብቦ ካልጨረሰ አይከፍትም፣ እማዬ። የሚታየውን ገጽ ብቻ ቶሎ እንዲያመጣ እያስተካከልኩት ነው» አለችኝ። ሳቄ መጣ። አቶ ደምሴን አስታወሰችኝ።

በደርግ ጊዜ ወረታ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ስቀጠር፣ አቶ ደምሴ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ነበሩ። የገበሬው ስም የሰፈረበት መዝገብ ግንድ ያህላል። በየቀበሌው ቢጻፍም የቱ ቀበሌ የት እንደሚጀምር ምልክት አልነበረውም። እሳቸው ታዲያ ለሚመጣው ሰው ሁሉ ከመጀመሪያው ገጽ ተነሥተው በጣታቸው እየተከተሉ ይወርዳሉ። አንድ ጊዜ ስም ዘለው «አሻጥር ነው» ተብለው ተከሰው ነበር። ያን ጊዜ አሻጥረኛ መባል ቀልድ አልነበረምና አልፈርድባቸውም።

መስከረም ሊያልቅ ሲል ውሃው ከፎገራ ሜዳ መሸሽ ጀመረ። ሽምብራ የሚዘራው ያኔ፣ ጭቃው ሳይደርቅ ነው፤ ጥቁሩ ዋልካ አፈር ደርቆ ከተሰነጠቀ ዓመቱ አለፈ ማለት ነው። ጎርፉ የብዙ ሰው እህል ወስዶ ስለነበር የዘር ሽምብራ መጣ፤ ስሙ ከመዝገብ ላልተገኘ ግን አይሰፈርለትም። ወረፋው እስከ ጎንደር መንገድ ደረሰ። ግቢው ጭቃ ጭቃ፣ ቆሎ ቆሎ ይሸታል።

እማማ ጥሩወርቅ የሚባሉ ባል የሞተባቸው ሴት ከቀደመው ቀን ጀምሮ ይመላለሱ ነበር።

«ልጄ፣ የማሳዬ ዳር እየነጣ ነው» አሉኝ። «ነገም ነይ ካላችሁኝ በምን ላይ ልዘራው ነው? ልጆቼንስ ምን ላብላቸው?»

አንጀቴን በሉት። አባቴ ቄስ ነበሩ፤ በቤተ ክርስቲያናችን ትልቁ መጽሐፍ ጠርዙ ላይ ባለ ቀለም ክር ተሰፍቶበት፣ ካህኑ ክሩን ይዞ የዕለቱን ንባብ ሲከፍት አይቻለሁ። ምሳዬን ትቼ ከጎረቤት ሸማኔ የክር ቁርጥራጭ ለመንኩ፤ መዝገቡን አንዴ ከዳር እስከ ዳር ገልጬ በየቀበሌው መጀመሪያ ገጽ ጠርዝ ላይ ክሩን በመርፌ ሰፋሁት። ቀለም ሲያልቅብኝ ሁለት ሁለቱን ገመድኩ።

አቶ ደምሴ ሲመለሱ ፊታቸው ዐመድ መሰለ። «የመንግሥትን መዝገብ ዳዊት አደረግሽው? ልታስበይኝ ነው?»

«ይቆጡኝ፤ ግን አንዴ ይሞክሩት። የእማማ ቀበሌ አረንጓዴው ነው።»

በሩን አየት አድርገው ክሩን ሳቡ። ጣታቸው ጥቂት ወርዶ ቆመ። «ይኸው ስምዎ» አሉ። እማማ ዘራቸውን ተሸክመው ለመመረቅ እንኳ ሳይቆሙ ወደ ሜዳው ገሰገሱ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወረፋው አለቀ።

«ከዚያስ የበላዮቹ ምንም አላሉም?» አለች ልጄ።

ብለዋል። በሳምንቱ አንድ የደርግ ካድሬ መጥቶ ክሮቹን አየና «ይህን የቤተ ክህነት ሥራ ማን ሠራው?» ብሎ ጮኸ። አፌን ልከፍት ስል አቶ ደምሴ ከወንበራቸው ተነሡ። ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ መዝገቡን ወደ ራሳቸው ሳቡ።

«እኔ ነኝ» አሉ።

ካድሬው አንገላቷቸው ሄደ። ልጄ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እኔ ግን ፋይል ዘገየ ሲባል ወረፋ የቆመ ሰው ይታየኛል፤ ከመዝገቡ ኋላ ደግሞ እየፈራም ቢሆን የተነሣ ሰው።